አሸዋ ውስጥ የከረመው ብሎን

በዕድሜዬ የሰረቅኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሰረቅኩትም ብሎን ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። ስንት የሚሰረቅ ነገር ባለበት ከተማ የካሚዮን ጎማ ብሎን! እኔ ግን ብር መስሎኝ ነው፤ ያውም የእናቴ ብር፣ ነገ የእኔ የሚሆነው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ አርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ አገሩ አሰብ።

የአሰብን ዝገት ላላየው ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ደሴ ላይ አባት የመታውን ሚስማር ልጅ አድጎ ኮቱን ይሰቅልበታል። አሰብ ላይ በጥር የተመታ ሚስማር በግንቦት በጣት ይፈረፈራል። ነፋሱ ከባሕር ጨው ይዞ ይገባል፤ ከንፈር ላይ፣ መስኮት ላይ፣ ቆርቆሮ ላይ ያርፋል፤ ብረት ካገኘ ደግሞ አይለቅም። እናቴ መቀሷን በዘይት ጨርቅ ጠቅልላ ነበር የምታስተኛው፤ እኔን እንኳ እንደዚያ ጠቅልላኝ አታውቅም። ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሽ ሀሩን፣ "እዚህ አገር የሚያረጀው ብረት ነው፤ ሰው እማ ሳያረጅ ይቀልጣል" እያሉ ላባቸውን ይጠርጋሉ።

እንግዲህ በዚህ አገር ነው አባቴ ወልደየሱስ አሮጌ ካሚዮን አድናለሁ ብሎ የተነሣው። ካሚዮኑን ጣሊያኖች ሲሸሹ በበይሉል መንገድ ዳር ጥለውት ሄደው፣ አሥራ ሁለት ዓመት አሸዋ ውጦት ከርሟል። አባቴ በግመልና በሰው አስጎትቶ ወደቡ አጠገብ ካለ ባዶ ሜዳ ላይ አቆመው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጋራዥ ሥራው ሲወጣ እዚያ እየሄደ ሞተሩን ፈታ፣ ገጠመ፣ ደግሞ ፈታ። እናቴ ሐረገወይን፣ "ሴት ብትወስድብኝ ይሻል ነበር፤ እሷንስ ጸጉሯን እነጫለሁ፤ የዚህን ምኑን ልንጭ?" ትል ነበር። በመጨረሻ ሞተሩ የተነሣ ቀን ግን ከሳቋ ብዛት ስታለቅስ አየኋት።

የቀረው የወደቡ በር ነበር። የመኪና መርማሪው አቶ ተክለጻድቅ ፈትሸው ያላሳለፉት መኪና የደሴን መንገድ አይጀምርም። አቶ ተክለጻድቅ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ነጭ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው የሚስቡ ሰው ነበሩ፤ ከእጃቸው ትንሽ መዶሻ አይለይም። በዚያች መዶሻ የጎማውን ብሎን አንድ በአንድ እየመቱ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። እኔ ብሎኑ የባለቤቱን ኃጢአት የሚነግራቸው ይመስለኝ ነበር። ለካስ የጠበቀና የላላ ብሎን ድምፁ ይለያያል።

አባቴ ዝገት እንዳይነካቸው ብሎ ብሎኖቹን በሙሉ በቀይ የዝገት ቀለም ቀባቸው። መቀባት ብቻም አይደለም፣ አጠመቃቸው፤ ጥርሳቸውን፣ አንገታቸውን፣ የሚያጠብቃቸው ዳዶ የሚያርፍበትን ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ። በጥር ወር አቶ ተክለጻድቅ ካሚዮኑን እስከ ጨው ማምረቻው አስነድተው አስመለሱና፣ "መፍቻ አምጡ" አሉ። መፍቻውን ከፊት ጎማ ዳዶ ላይ አግብተው ገና ጫን ሲያደርጉት ዞረ። ቀለሙ ከሥሩ እንደ ለውዝ ገለባ ተፈርፍሮ ወረደ።

"ይኼ ዳዶ የያዘው ጎማውን አይደለም፤ ቀለምህን ነው" አሉት። "ብረት ከብረት ጋር ነው መያያዝ ያለበት። መካከላቸው ቀለም ከገባ ቀለሙ ይጨፈለቃል፣ ዳዶው ይላላል፣ ጎማው አንተን ቀድሞህ ደሴ ይገባል።"

"እንዳይዝግ ብዬ ነው፣ ጌታዬ።"

"አውቃለሁ። የላላም አላሳልፍም፤ የዛገም አላሳልፍም።" መዶሻቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "ይኼን ሜዳ ወደቡ ይፈልገዋል። እስከ ሆሳዕና ዋዜማ ጊዜ አለህ። በዚያን ቀን ያላለፈ መኪና ሁሉ ተቆራርጦ መርከብ ላይ ይጫናል።"

አባቴ ቀለሙን ፋቀው። ብሎኖቹ ራቁታቸውን በሆኑ በአራተኛው ቀን ቀሉ። ቅባት ቀባቸው፤ ቅባቱ አሸዋ ሰበሰበ፣ ከአሸዋው ሥር ዝገቱ መጣ። አንድ እሑድ ምሳው ቀርቦለት እጁን ሰብስቦ ሲቀመጥ እናቴ፣ "እስቲ ለእኔ ተውልኝ" አለችው።

"ምኑን?"

"ብሎኑን።"

አባቴ ሳቀ። እኔም የሚያስቀውን ሳላውቅ አብሬው ሳቅኩ።

"ጣሊያን ቤት ሁለት ዓመት የሠራሁት ዝንብ ሳባርር መሰለህ?" አለችው፣ ኮስተር ብላ። አባቴ ሳቁን ዋጠ።

እናቴ በልጅነቷ ደሴ ላይ ጣሊያን ቤት ዕቃ ታጥብ እንደነበር ሲወራ እሰማ ነበር። ለእኔ የሚታየኝ የሳህንና የብርጭቆ ክምር ነው። የሆነው ሌላ ነው። ያ ቤት ማንኪያና የመኪና መብራት ቀለበት እየነከረ የሚያነጣ ሱቅ ነበር፤ እናቴም የምታጥበው ወደ መንከሪያው የሚገባውን ብረት ነው። ዝገቱን ፍቃ፣ ቅባቱን በአመድ ውኃ አስለቅቃ፣ አሲድ አስነክታ ለጣሊያኑ ታቀብላለች። ጣሊያኑ ምኑን ከምን እንደሚያገናኝ አላስተማራትም። እሷም አልጠየቀችውም፤ አየችው እንጂ።

በማግስቱ ለእኔ ትእዛዝ ወረደ፤ የሞተ የባትሪ ድንጋይ መሰብሰብ። ከወደብ ዘበኞች፣ ከዓሣ አጥማጆች፣ ከፖሊስ ጣቢያው በር እየለመንኩ በቀሚሴ እቋጥራለሁ። "ምን ያደርግልሻል?" ሲሉኝ፣ "እናቴ ልትቀቅለው ነው" እላለሁ። በጋሽ ሀሩን ሱቅ የነበረው አቼቶ በሙሉ ወደ ቤታችን ተጋዘ። ጋሽ ሀሩን የመጨረሻውን ጠርሙስ ሲሰጡኝ፣ "የዘንድሮን ሁዳዴ በሰላጣ ብቻ ነው የምትወጡት?" አሉኝ።

እናቴ ድንጋዮቹን ሰንጥቃ ጥቁሩን ዱቄት ደፋች፤ ዙሪያውን ያለውን ግራጫ ልባስ አጥባ ከፊሉን ከአቼቶና ከጨው ጋር በሰፊ የመስታወት ዕቃ ዘፈዘፈችው። በሦስተኛው ቀን ከካሚዮኑ ባትሪ ሁለት ሽቦ ሳበች፤ አንዱን ከተረፈው ልባስ ጋር፣ አንዱን ከብሎን ጋር አሰረች። ቤቱ በሙሉ አቼቶ አቼቶ ሸተተ፣ ዓይናችን አለቀሰ። "ከበሩ እንዳታልፊ" ስለተባልኩ ደፍ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ጥቁር ሆኖ የገባው ብሎን ተንተክትኮ፣ ተንተክትኮ፣ ነጭ ሆኖ ወጣ። እናቴ በደረቅ አሸዋ ስታሸው ደግሞ አበራ።

ብር ነው አልኩ በልቤ። እናቴ ብረትን ብር ታደርጋለች።

ያን ቀን ሁለት እጇ ባዶ እንደሆነ አየሁ። የእናቴ አምባር ሁለት ወፍራም የብር አምባር ነበር፤ ከእናቷ የመጣ፣ ስታጥብም ስትጋግርም የማይወልቅ፣ "ስትዳሪ ያንቺ ነው" የተባልኩት። አሁን በቦታው የቀረው የነጣ የቆዳ ቀለበት ብቻ ነው። ሮጬ ሣጥኑን ከፈትኩ። በዓል ሲያልፍ የምትጠቀልልበት ሰማያዊ ጨርቅ ባዶውን ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ከሰዓት በኋላ የጋሽ ሀሩን ሚስት እትዬ ዘሀራ መጡ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ነኝ።

"ሐረግ፣ አምባርሽስ?"

"ለዚህ ለብሎን ስል አወለቅኩት፣ እትዬ ዘሀራ። ይኼ መኪና በሩን ይለፍልኝ እንጂ አምባር ምን ያደርግልኛል።"

"ወልደየሱስ አውቋል?"

"እሱ ምኑን ያውቃል፤ የወንድ ዓይን ሞተር እንጂ እጅ አያይም።" ሁለቱም ሳቁ።

ለእኔ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል? አምባሬ ቀልጦ ብሎን ሆኗል። እናቴን አዘንኩላት፣ አባቴን ጠላሁት፤ ለራሴም አለቀስኩ፣ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ ለራሴ። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ማንም የነገረኝ አልነበረም። ዛሬ የዚያን ግራጫ ልባስ ስም አውቃለሁ፤ ዚንክ ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ድንጋይ ላይ እየቀረፈ ብሎኑን ያለብሰዋል። ከቀለም እጅግ ስለሚሳሳና ብረቱን አጥብቆ ስለሚይዝ ዳዶው ሥር አይፈረፈርም፤ ዝገት ሲመጣም ብረቱን ትቶ አስቀድሞ እሱን ይበላል። አምባሩን ያወለቀችውም አሲዱና አቼቶው ብሩን እንዳያጠቁርባት ነው፤ እርጥበት በማይገባበት በበርበሬው ጣሳ ውስጥ ቀብራው ነበር። ያኔ ይኼን ሁሉ ማን ይንገረኝ? መጋረጃ ጀርባ ቆሞ የሰማ ሰው መልሶ መጠየቅ አይችልም።

የአባት ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ነውና፣ በሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት ድርሻዬን ወሰድኩ። ሠላሳ ሁለት ብሎኖች ጆንያ ላይ ተሰጥተው ሲደርቁ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። አንዱን አነሣሁ፤ ከብዶ እጄን ጎተተው። በሰማያዊው ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ባሕሩ ሮጥኩ። ዳር ላይ ጎኑ የተሰበረ የሳንቡቅ ጀልባ ወድቆ ነበር። ከአፍንጫው ወደ ውኃው ሰባት እርምጃ ቆጠርኩ፣ እስከ ክንዴ ቆፈርኩ፣ ቀበርኩት። ለምልክት ከበርሜል ቀለበት የተሰበረ ብረት አጠገቡ ተከልኩ። ማዕበሉ ሲሞላ የሚሸፍነው ቦታ ነው፤ ሌባ እንዳይደርስበት ብዬ! ከእኔ ሌላ ሌባ ያለ ይመስል።

እናቴ ብሎኖቹን ሦስት ጊዜ ቆጠረች። "ሠላሳ አንድ" አለች። "ዓባይ፣ አላየሽም?"

"አላየሁም።"

በጾም ዋሸሁ። አባቴ፣ "መጀመሪያውኑ ተሳስተሽ ቆጥረሽ ይሆናል" አላት። እናቴ ቆጥራ የምትሳሳት ሴት አይደለችም፤ ግን አልተከራከረችም። አባቴ ከጋራዡ አንድ አሮጌ ብሎን አመጣላት፣ ነከረችው፣ ሠላሳ ሁለት ሞላ። ከዚያ አባቴ ሁሉንም በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ እስከ ፍተሻው ዋዜማ ድረስ ነፋስ እንዳያያቸው አልጋ ሥር አስገባቸው።

ሆሳዕና ዋዜማ ደረሰ። ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበርና ሜዳው ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከንፈሩ ደርቋል። እናቴ የፊት ጎማው አጠገብ ቆማለች። አቶ ተክለጻድቅ መዶሻቸውን አውጥተው፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ከጎማው ራቅ በይ" አሏት። ራቀች።

አንድ በአንድ መቱ፤ ሠላሳ ሁለቱም ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡ። ካሚዮኑ ጨው ማምረቻው ደርሶ ተመለሰ። መፍቻውን አግብተው ተጫኑ፤ ዳዶው ንቅንቅ አላለም። በሁለት እጃቸው ተጫኑ፤ አሁንም የለም። አባቴ ትንፋሹን ለቀቀ። አቶ ተክለጻድቅ ግን አጎንብሰው የብሎኖቹን ብልጭልጭታ ሲያዩ ቆዩ።

"ይይዛል፤ እሺ። ግን ከዘይት ጨርቅ ትናንት የወጣ ብሎን ዛሬ ቢያበራ ምን ይደንቃል?" አሉ። "እኔ ማኅተም የማደርገው ለዓመት ነው። ቢያንስ አንድ ወር የባሕሩን ጨው የቀመሰ አሳየኝ።"

"አንድ ወር ይጨምሩልኝ፣ ጌታዬ።"

"መዝገቡ ዛሬ ይዘጋል።"

እንዳይበላሹ ብለን ደበቅናቸው፤ ደብቀናቸው ምስክር አጣን።  አባቴ ሦስት ዓመት ቅባት በበላ እጁ የካሚዮኑን በር ሲዳብስ አየሁ። ስጠላው የከረምኩት ያ ሁሉ ቂም በአንድ ጊዜ ጥሎኝ ጠፋ፤ የቀረኝ ፍርሃት ብቻ ነው።

"እኔ አለኝ" አልኩ።

አቶ ተክለጻድቅ ወደ ታች አዩኝ። "ምን አለሽ?"

"ጨው የቀመሰ። ከአንድ ወር ይበልጠዋል።"

እናቴ ቀስ ብላ ዞረች። "ሠላሳ ሁለተኛው!" አለች።

ሰልፍ ሆነን ወደ ባሕሩ ወረድን፤ እኔ ከፊት፣ አቶ ተክለጻድቅ በነጭ ካልሲያቸው፣ አባቴ፣ እናቴ፣ ጋሽ ሀሩን፣ እትዬ ዘሀራ፣ ከኋላ ደግሞ ሥራቸውን ጥለው የመጡ የመርከብ ጫኞች። ከሳንቡቁ አፍንጫ ሰባት እርምጃ ቆጠርኩ። የተከልኩት ብረት የለም። ቆፈርኩ፤ አሸዋ ነው። ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ቆፈርኩ፤ ውኃ ወጣ። አቶ ተክለጻድቅ ሰዓታቸውን አዩ። አባቴ የክት ሱሪውን እንደለበሰ አጠገቤ ተንበረከከና በሁለት እጁ ይዝቅ ጀመር።

"ያ አላህ፣ አታሳፍራት" አሉ ጋሽ ሀሩን ከኋላዬ።

የአባቴ ጣት አንድ ነገር ነካ። አወጣው፤ ለምልክት የተከልኩት የበርሜል ብረት ነው። እጁ ላይ እንደያዘው ቀይ ሆኖ ተቆራረሰ።  ብረቱ እንዲህ ከሆነ ብሎኑ ምን ቀረው? ከሥሩ ሰማያዊው ጨርቅ መጣ። አባቴ ፈታው። ብሎኑ ነጭ ዱቄት ለብሷል፤ ብልጭታ የሚባል ነገር የለውም።

"ብሩ ተበላ" ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

አባቴ በአውራ ጣቱ ጠረገው። ከዱቄቱ ሥር ግራጫ፣ ንጹሕ፣ ለስላሳ ብረት ወጣ። አገላበጠው። ቀይ የለም፤ አንድ ነጥብ ቀይ የለም። ለአቶ ተክለጻድቅ አቀበላቸው። እሳቸው በባሕሩ ውኃ አለቀለቁት፣ ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው በጥፍራቸው ጥርሱን አንድ በአንድ ዳበሱ፤ ከኪሳቸው ዳዶ አወጡ። ጫፉ ላይ አስቀምጠው በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት።

ዳዶው ሲሽከረከር ሄዶ አንገቱ ድረስ ገባ።

መለሱት፤ እንደገና ገፉት፤ እንደገና ገባ። 

"ማን ነው የሠራው?" አሉ።

አባቴ ጉልበቱ ላይ ያለውን አሸዋ ሳያራግፍ ተነሣ። "የእኔ ሥራ ያ የወደቀው ነው፣ ጌታዬ። ይኼ የእሷ ነው" አለና እናቴን አሳየ።

አቶ ተክለጻድቅ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ወይዘሮ ሐረገወይን" አሏት፣ ጠዋት "አንቺ ሴትዮ" ያሉት እኚሁ ሰው፣ "እርስዎ ለሌሎቹም መኪኖች ይሠሩላቸዋል?"

"መጀመሪያ የእኛ በሩን ይለፍ" አለች እናቴ።

"አልፏል።"

እትዬ ዘሀራ በደረቀ ጉሮሯቸው እልል አሉ። ጫኞቹ አባቴን ተሸከሙት፤ ጋሽ ሀሩን እኔን ትከሻቸው ላይ አወጡኝ፤ እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ ሌባ አሰብ ከዚያ በፊት አላየችም። እናቴ ግን ያቺን እርጥብ ሰማያዊ ጨርቅ በሁለት እጇ ዘርግታ እያየች ትስቅ ነበር። ሆዷን ይዛ፣ ዕንባዋ እስኪፈስ። በድሉ ተደስታ የምትስቅ መሰለኝ።

ፋሲካን ውለን በሳምንቱ ካሚዮናችን ተነሣ። አባቴ በእናቴ ምክር ዳዶዎቹን አጥብቆ ከጨረሰ በኋላ ያንኑ ቀይ ቀለም ከላይ ቀባቸው፤ ከሥር የእሷ፣ ከላይ የእሱ። ጡሩምባውን እየነፋ በወደቡ በር ሲወጣ ዘበኞቹ ሰላምታ ሰጡን። እኔ ካቢናው ውስጥ በመካከላቸው ተቀምጫለሁ። እናቴ ለሕዝቡ በመስኮት እጇን ስታወጣ አንድ ነገር አብረቀረቀ። ሁለቱም አምባሮች እጇ ላይ ነበሩ፣ ትንሽ በርበሬ በርበሬ እየሸተቱ። አፌን ከፍቼ አየኋቸው፤ እናቴን አየኋት። እሷ ወደ መንገዱ ነበር የምታየው።

ለምን እንደሰረቅኩ ያን ቀን አልጠየቀችኝም፤ በማግስቱም፣ በዓመቱም። እኔም ሳታውቅ ቀረች ብዬ ተጽናናሁ። ካሚዮኑ የደሴን መንገድ ዘጠኝ ዓመት ተመላለሰበት፤ እናቴም ከዚያ ሜዳ ዳር በራሷ ስም የብሎን መንከሪያ ከፍታ ስንቱን ሾፌር አሰለፈች።

እኔ የተዳርኩ ዕለት ጠዋት እናቴ ክፍሌ ገብታ በሩን ዘጋች። ከጉያዋ ያቺን ሰማያዊ ጨርቅ አወጣች፤ ገና ሳያት ጆሮዬ ጋለ። አምባሮቹን አንድ በአንድ እጄ ላይ አጠለቀች። ጨርቁ ግን ባዶ አልሆነም፤ አሁንም ይከብዳል።

"ይኼ ደግሞ ያኔ የወሰድሽው ድርሻሽ ነው" ብላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

አርባ ዓመት አልፎታል። አምባሮቹን ለልጄ ሰጥቻለሁ። ብሎኑ ግን ከእኔ ጋር ነው፤ ዳዶው ዛሬም በአንድ ጣት ይዞራል።